ቮልት አለ ማለት ሥራ አለ ማለት አይደለም

ጤና ይስጥልኝ! የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መምህራን፣ ገና እጃችሁን በግሪስ እያሟሻችሁ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ድምፄ ከኋላ ይሰማል? እሺ።

ከመጀመሬ በፊት ፊት ለፊት ለተቀመጣችሁት አንድ ነገር ልስጣችሁ። ይህቺ ሽቦ ናት። አንድ ክንድ ገደማ ትሆናለች። ከእጅ ወደ እጅ አዙሯት። ዳብሷት። ልባሷ አልተላጠም፣ አልቀለጠም፣ አልተቆረጠም። እጃችሁ ላይ ስትደርስ በልባችሁ ወስኑ፤ ደህና ናት ወይስ የሞተች? መልሱን ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

የዛሬው ርዕሴ የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያ ሲስተም የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። አውቃለሁ፣ ርዕሱ ብዙም አያጓጓም። ይህ ሲስተም ቢበላሽ መኪናው ብዙውን ጊዜ ይሄዳል። ደንበኛው የሚያየው የቼክ ኢንጅን መብራቷን ብቻ ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ በዚህ ሲስተም ምክንያት ስንት ደህና ቫልቭ ፈታችሁ ጥላችኋል? እኔ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ሲስተሙ ምን እንደሚሠራ። ሁለተኛ፣ ኮዱ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ብልሽት ሲያይ የሚመዘግበው ቁጥር፣ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል። ሦስተኛ፣ እንዴት እንደሚለካ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቶሎ ቶሎ እላለሁ፣ ታገሱኝ።

ቤንዚን ይተናል። መኪናው ቆሞም ይተናል። ትነቱ አየር ላይ እንዳይበተን በከሰል የተሞላ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ካኒስተር የምንለው ነው። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሠራ ኮምፒውተሩ የፐርጅ ቫልቩን ይከፍታል፤ ሞተሩም ትነቱን ስቦ ያቃጥለዋል። በካኒስተሩ ሌላ ጫፍ ደግሞ ንጹህ አየር የሚያስገባ የቬንት ቫልቭ አለ። የታንኩን ግፊት የሚለካ ሴንሰርም አለ። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። በአብዛኞቹ መኪኖች ፐርጅ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዝግ ነው። ቬንት ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት ነው። ልድገመው፤ ፐርጅ ያለ ኤሌክትሪክ ዝግ፣ ቬንት ያለ ኤሌክትሪክ ክፍት። ይህን የማያውቅ ሰው ቬንት ቫልቭ ፈትቶ በአፉ ይነፋበታል፣ አየር ሲያልፍለት «ተበላሽቷል፣ አይዘጋም» ብሎ ይጥለዋል። ጤነኛ ዕቃ ነው የጣለው።

ድሮ በዚህ ሲስተም ውስጥ ሽቦ የሚባል ነገር እንዲህ አልበዛም ነበር። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የቤንዚን ትነትን እንዲቆጣጠሩ አስገደደች፤ በ1971 ሞዴል ደግሞ መላው አሜሪካ ተከተለ። እነዚህ ዓመተ ምሕረቶች የፈረንጆቹ ናቸው። ያኔ ነገሩ ከሰል፣ ቱቦና የሞተር ስበት ነበር። ኋላ ግን፣ ከ1996 አካባቢ ወዲህ፣ መኪናው ራሱን እንዲመረምር ተፈለገ። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ፣ ቀጥሎም የግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አግኝ ተባለ። ለዚህ የሚዘጋ ቫልቭ፣ የሚለካ ሴንሰር፣ የሚያገናኝ ሽቦ አስፈለገ። ሽቦ ከገባ የሽቦ በሽታም አብሮ ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ኮድ።

ስካነሩን፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግረንን መሣሪያ፣ ስትሰኩ ኮዶቹ ተቀራራቢ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ መልዕክታቸው ግን ለየቅል ነው። ፒ 0442፣ ፒ 0455 እና ፒ 0456 የፍሳሽ ኮዶች ናቸው። ትንሽ ፍሳሽ፣ ትልቅ ፍሳሽ፣ በጣም ትንሽ ፍሳሽ። እዚህ መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቱቦውን፣ ማያያዣውን ታያላችሁ። ፒ 0443፣ 0444፣ 0445 ግን የፐርጅ ቫልቩ ሽቦ መስመር ነው። 0446 እና 0449 ወደ ቬንቱ ይወስዷችኋል፤ 0447 እና 0448ም እዚያው ናቸው። ከ0450 እስከ 0453 የግፊት ሴንሰሩ ነው። የመስመር ኮድ ያለበትን መኪና ይዞ ፍሳሽ ለመፈለግ ሲስተሙ ውስጥ ጭስ መንፋት ምን ይባላል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ሽቦው መቆረጡን በምን ያውቃል? ይህን ጥያቄ ወጣቶቹ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው ሰው አይጠይቅም። በብዙ መኪኖች ፖዚቲቩ በፊውዝ በኩል በቀጥታ ወደ ቫልቩ ይመጣል። ኮምፒውተሩ የሚቆጣጠረው የማሳውን፣ ማለትም የኔጌቲቩን ወገን ነው። ፐርጅ ቫልቩ ተዘግቶ እያለ ኮምፒውተሩ በራሱ ፒን ላይ የባትሪውን ቮልት ማየት አለበት፤ ቮልቱ በቫልቩ ጥቅል ሽቦ አልፎ ይደርሰዋልና። ማሳውን ሲሰጥ ደግሞ ያ ቮልት ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ሲጠብቀው 12 ካልመጣ፣ ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይ ከቦዲው ጋር ኮንታክት ፈጥሯል። ሲያወርደው ካልወረደ፣ ከሌላ ቦታ ፖዚቲቭ ነክቶታል። በቃ፣ የሚያየው ይህን ነው። ቮልት ነው የሚያየው። ይህቺን ቃል አስቀምጡልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት ሴትዮ መኪናቸውን ይዘው መጡ። «ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር መኪናዬ አልነሳም ይላል፤ በሌላ ጊዜ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ በፊት ሁለት ጋራዥ ሄደዋል። በአንዱ ሳቁባቸው። በሌላው የቤንዚን ፓምፕ ቀየሩላቸው። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ላይ በልቤ ፈገግ ብዬ ነበር። መኪና ቤንዚን መሙላቱን በምን ያውቃል?

ያውቃል። ታንኩ ሲሞላ ውስጡ ያለው ትነት ተገፍቶ ወደ ካኒስተሩ ይሄዳል። ፐርጅ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከቀረ ያ ሁሉ ትነት ሞተሩ በሚነሳበት ሰዓት ይገባበትና ያፍነዋል። እኔ ቫልቩን ፈትቼ ስነፋበት ግን ድርቅ ብሎ ዝግ ነው። ጤነኛ ነው። ታዲያ ምን ከፈተው? ሶኬቱን መልሼ ሰካሁና ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ አልተነሳም፣ ኮምፒውተሩም ክፈት አላለውም። መቆጣጠሪያዋ ሽቦ ከሞተሩ ጀርባ አንድ ብረት ላይ ተፈግፍጋ ማሳ ነክታ ኖሯል። ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ቫልቩ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩ ሥልጣን የለውም። ኮዱም እዚያው ነበር፤ 0445 ይላል። ከእኔ በፊት ያዩት ሰዎች ኮዱን አጥፍተውታል እንጂ አላነበቡትም። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔማ ተናግሬ ነበር» አሉኝ። ተናግረው ነበር።

ሌላም አለ። ብዙ ኮድ በአንድ ጊዜ ሲመጣ አትደንግጡ። የፐርጅ፣ የቬንት፣ የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ ኮድ አንድ ላይ ከመጣ፣ ሦስቱ ዕቃ በአንድ ሌሊት ተማክረው አልሞቱም። የሚጋሩትን ፈልጉ። በብዙ መኪኖች አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። ፊውዙ ከተቃጠለ ደግሞ ቀይራችሁ አትሂዱ፤ ፊውዝን የሚያቃጥል ነገር አለ። የኦክስጅን ሴንሰር ሽቦ ከጭስ ማውጫ ቱቦ ጋር ጎረቤት ነው፤ ቀልጦ ከቱቦው ጋር ሲነካካ ያንን ፊውዝ ይበላል። የቬንቱ ኮድ ያመላከታችሁ ወደ ኋላ ነው፤ በሽታው ግን ያለው መኪናው ሆድ ሥር፣ መሐል ላይ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው። መለካት። እዚህ ላይ አትተኙብኝ።

ወጣት ሆኜ አንድ መኪና መጣልኝ። ኮዱ ፒ 0441 ነው፤ የትነቱ ፍሰት ልክ አይደለም ማለት ነው። የመስመር ኮድ አይደለም። ኮዱ ስለ ሽቦ ምንም አላለም። እኔም ቫልቩን ቀየርኩ። መኪናው ሄደ። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ያው ኮድ። አዲሱ ቫልቭ ጥሩ አልነበረም ብዬ ሌላ አዲስ አስገባሁ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ! እንደገና ተመለሰ።

አለቃዬ ነገረኛ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። መጥቶ ከጎኔ ቆመ። «ሽቦውን ለካኸው?» አለኝ። «ለካሁት ጋሼ» አልኩ፤ ለክቼም ነበር። ሶኬቱን ነቅዬ መልቲሜትሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ብሰካ 12.4 ቮልት አሳየኝ። የባትሪው ልክ። ሽቦ አለመቆረጡን በድምፅ በሚናገረው የኦም መለኪያ ላይ አድርጌ ብሞክረው ጢጥ አለ። ታዲያ ምን ቀረ? ሽቦው ደህና ነው።

«ሥራ ላይ እያለ ለካኸው ወይ?» አለኝ።

አልገባኝም ነበር። እሱ ሶኬቱን መልሶ ሰካው። ከሶኬቱ ጀርባ በኩል ቀጫጭን መርፌ አስገባ። በስካነሩ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ክፈት ብሎ አዘዘ። ከዚያ በቫልቩ ሁለት ጫፎች መካከል ለካ። 6.8 ቮልት። ያ 12.4 የት ገባ?

አሁን አብረን እናስላ፤ ከባድ አይደለም። የቫልቩ ጥቅል ሽቦ መቋቋም፣ ጅረትን የሚያግድበት ልክ፣ 24 ኦም ነበር። 12.4ን ለ24 አካፍሉ፣ ግማሽ አምፒር ገደማ ነው፤ ቫልቩ የሚፈልገው ይህን ነው። ያች ሽቦ ግን ውስጧ በዝገት ተበልታ 20 ኦም የምታህል መሰናክል ሆናለች። ስለዚህ 12.4 ለ44 ይካፈላል። 0.28 አምፒር ይሆናል። ቮልቱም ይከፋፈላል፤ ለቫልቩ 6.8፣ ለዝገቱ 5.6። ጠዋት በብርድ ቫልቩ እንደምንም ይከፈታል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን የመዳብ ኦም ይጨምራል፣ በ80 ዲግሪ ጭማሪ 30 በመቶ ገደማ። ያኔ የነበረችው አቅም ትከዳዋለች። አራት ቀን የፈጀው ለዚህ ነበር።

ታዲያ የእኔ መልቲሜትር ለምን ዋሸኝ? አልዋሸኝም። ጥሩ ዲጂታል መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የራሱ መቋቋም 10 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ነው። ከሽቦው የሚወስደው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። ጅረት ከሌለ በዝገቱ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም። 20 ኦም ብትሆን 2,000 ኦም ብትሆን ያው 12.4 ይላችኋል። አንዲት የፀጉር ያህል ክር ብቻ ቀርታ እንኳ 12.4 ይላችኋል! ጢጥ የሚለውስ? ብዙዎቹ መልቲሜትሮች ከጥቂት አሥር ኦም በታች እስከሆነ ድረስ ይጮኻሉ። ለ24 ኦም ቫልቭ 20 ኦም ሞት ነው፤ ለጢጥታው ግን ሠርግ ነው።

አሁን ያስቀመጥናትን ቃል አምጡልኝ። ኮምፒውተሩ የሚያየው ምን ነበር? ቮልት። ቫልቩ ተዘግቶ እያለ ፒኑ ላይ 12 አየ። ማሳ ሲሰጥ ዜሮ አየ። መስመሩ ጤነኛ ነው ብሎ አለፈ። እኔ የተታለልኩበት መንገድ ነው እሱንም ያታለለው። ለዚህ ነው የመስመር ኮድ ያልወጣው። የፍሰት ኮድ ሲመጣላችሁ «ኤሌክትሪክ አይደለም» ብላችሁ በሩን አትዝጉ። ሥራ ላይ እያለ ለኩት!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቫልቩ ተሰክቶ፣ በስካነር ታዝዞ፣ ጅረት እየሄደ፣ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ባትሪው ፖዚቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቫልቩ ፖዚቲቭ ፒን ላይ አድርጉ። እዚህ የምታነቡት የጠፋውን ቮልት ነው። በግማሽ አምፒር ጭነት ከጥቂት የቮልት አሥረኛ ካለፈ መንገድ ላይ ሌባ አለ። ከዚያ ከቫልቩ መቆጣጠሪያ ፒን እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ። እዚያም ያው። ኮምፒውተሩ ቫልቩን እየከፈተ እየዘጋ በፍጥነት የሚያዝዘው ከሆነ መልቲሜትር አማካኙን ነው የሚያሳየው፣ አትታለሉ፤ ሙሉ ትዕዛዝ ስጡት። ኦሲሎስኮፕ፣ ቮልትን በመስመር ሥሎ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ያላችሁ ደግሞ ቫልቩ በሚጠፋበት ቅጽበት ወደ ላይ የምትዘለውን ሹል መስመር እዩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆን ተብሎ ካልተቆረጠች በቀር፣ እሷ ከሌለች ጥቅሉ ውስጥ የረባ ጅረት አልነበረም።

ስካነር የሌለው ምን ያድርግ? ከቫልቩ ጅረት የማይበልጥ ትንሽ አምፖል፣ 3 ዋት ብትሆን መልካም ነው፣ ከቫልቩ ይልቅ ሶኬቱ ሁለት ፒኖች ላይ ይሰካ። ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ አምፖሏ ብልጭ ብልጭ ማለት አለባት። ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ያችን አምፖል 5 ቮልት መስመር ላይ እንዳታስነኩ። ትልቅ የፊት መብራት አምፖል ደግሞ ኮምፒውተሩ ፒን ላይ እንዳትሰኩ። ኮምፒውተር ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። እኔ አይደለሁም፣ አትሳቁ።

ታንኩ አጠገብ ስትሠሩም የቤንዚን ትነት ዙሪያችሁን እንዳለ አትርሱ። ቬንት ቫልቭን ከባትሪ ቀጥታ መስጠት ካስፈለጋችሁ ፈትታችሁ አውጡትና ራቅ ብላችሁ፣ ፊውዝ ባለበት ሽቦ ሞክሩት። ጢስና ትነት ባለበት ብልጭታ አያስፈልግም።

ስለ ግፊት ሴንሰሩ ብዙ አልልም። ሦስት ሽቦ ነው፤ 5 ቮልት፣ ማሳ፣ ሲግናል። የታንኩን ክዳን ክፈቱና ሲግናሉን እዩ። ግፊቱ ከውጭ አየር ጋር እኩል ሲሆን በአንዳንድ መኪኖች 1.5 ቮልት፣ በሌሎች 2.5 ቮልት አካባቢ ይቆማል። የመኪናውን መረጃ ተመልከቱ። 0 ላይ ወይም 5 ላይ ከተጣበቀ ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት ንቀሉት። ሲነቀል ንባቡ ወደ ሌላው ጫፍ ከዘለለ የሲግናሉ ሽቦና ኮምፒውተሩ እየሠሩ ነው፤ 5 ቮልቱና ማሳውም ሶኬቱ ላይ ከደረሱ ጥፋቱ ሴንሰሩ ላይ ነው። ካልተነቃነቀ ግን መንገዱን ያዙ። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ግን ያስለቅሳል። ቬንት ቫልቩ ያለው ከኋላ፣ ከመኪናው ሥር ነው። ጭቃው፣ ውሃው፣ ጨዉ የሱ ነው። እኔ የምጀምረው ሶኬቱን ነቅዬ በማየት ነው። አረንጓዴ ዱቄት አለ? ላስቲኩ አለ? ከዚያ ሥራ ላይ እያለ ሽቦውን እነቀንቃለሁ፣ ውሃ እረጫለሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ አሞቃለሁ። ዐይኔ መልቲሜትሩ ላይ ነው።

አንድ ኑዛዜ አለኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ብልሽት ስፈልግ ወፍራሙን የመልቲሜትር ጫፍ ሴቷ ፒን ውስጥ ጎረጎርኩት። 12 ቮልት አገኘሁ፣ ደስ አለኝ፣ ሰካሁት። ከዚያ በኋላ መኪናው የባሰ ሆነ። ፒኗን አስፍቻት ነበር። ወንዱ ፒን ይገባል፣ ግን አይጨብጥም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። የመጣውን ብልሽት ሳላገኝ አዲስ ብልሽት ሠርቼ ሰጠሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ልክክ የሚል ትርፍ ወንድ ፒን ይዣለሁ። አስገብቼ ሳወጣው ያዝ ማድረግ አለበት። ዝም ብሎ ከወደቀ ፒኑ ይቀየራል።

ሁሉም ነገር ኤሌክትሪክ እንዳልሆነም ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ መኪኖቹን ለጥገና ጠርቶ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ቢጫ ሸረሪቶች የቬንቱ ቱቦ ውስጥ ድር አድርተው አየር ስለሚዘጉ! እኔ ብሆን በስንት ቮልት እለካት ነበር ሸረሪቷን?

ጨርሳችሁ ኮዱን ስታጠፉ አንድ ልዩነት አስታውሱ። የመስመር ኮድ ካልተጠገነ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ መስመሩን ሁልጊዜ ስለሚያይ። የፍሳሹ ፈተና ግን የሚሠራው መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝና ቤንዚኑ በጣም ሳይጎድል፣ በጣም ሳይሞላ ነው፤ በብዙዎቹ ከ15 እስከ 85 በመቶ። ስለዚህ ኮዱን ባጠፋችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መብራት ስላልበራ ብቻ «ተጠገነ» ብላችሁ ቁልፍ አታስረክቡ። እንደ እኔው በአራተኛው ቀን ይመለስባችኋል።

ሽቦዋ የት ደረሰች? እዚያ ጋ? ወደዚህ አቀብሉልኝ። አመሰግናለሁ።

ስንቶቻችሁ ደህና ናት አላችሁ? እጅ አውጡ። ኦሆ፣ አብዛኛው። የሞተች ያላችሁስ? ሦስት፣ አራት። እሺ፣ ባትሪው ይኸው። መልቲሜትሩን እሰካለሁ፤ ስንት ይላል? አንተ አንብብልን። 12.5። ጢጥታውን እንስማ… ይጮኻል። አሁን 21 ዋት አምፖል በዚህችው ሽቦ በኩል አገናኛለሁ። እዩ። ክሯ እንኳ አልቀላችም። መልቲሜትሩን ሥራ ላይ እያለ አምፖሉ ላይ አድርግልኝ። ስንት? ሁለት ቮልት እንኳ አይሞላም።

አለቃዬ ከዚያ መኪና ቆርጦ ካወጣት ቀን ጀምሮ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ናት። ምላጭ ያለው አለ? ና ወጣቱ፣ አንተ ሰንጥቃት። እዚህ ጋ፣ መሐሉ ላይ። ቀስ። አሁን ከፍ አድርገህ አሳያቸው። መዳቡ ምን ሆኗል?

አረንጓዴ ዱቄት ነው።